መንግሥት የላከው መርማሪ፤ የዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር የሕይወት ታሪክ

ስለ ሕክምና ሊቃውንት ሲወራ ፓስተርንና ኮክን የማያውቅ ተማሪ የለም ለማለት ይቻላል። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰው ግን፤ ምንም እንኳ በሕዝብ ጤና ጥበቃ ሙያ በተሠማሩት ዘንድ ስሙ በክብር የሚጠራ ቢሆን፤ በእኛ ተማሪዎች መካከል እምብዛም አልተወራለትም። ይህ ሰው ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ነው። የግል ላቦራቶር አልነበረውም፤ የሚደግፈው ባለጸጋም አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆኖ፤ አለቆቹ እንዳዘዙት ከአንዱ ወረርሽኝ ወደ ሌላው ሲላክ ኖሮ፤ በመጨረሻ የብዙ ሺሕ ድሆችን ሕይወት ይቀጥፍ የነበረውን አንድ በሽታ ምክንያቱን ገልጦ ያሳየ ሐኪም ነው። ታሪኩን እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን በሽታውን ማወቁ ብቻ አይደለም። መንግሥት ገንዘብ ከፍሎ ያስመረመረው ጉዳይ መልሱ ደስ የማያሰኝ ሆኖ ሲገኝ ምን እንደ ደረሰ በግልጥ ስለሚያሳይ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ይህን ክፍል ልብ ብለው ቢያነቡት እንወዳለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጎልድበርገር የተወለደው በ1874 ዓ.ም. ጊራልቶቭሴ በምትባል መንደር ነው። መንደሪቱ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያና ሁንጋሪያ መንግሥት ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ በስሎቫኪያ ትገኛለች። ወላጆቹ በግ የሚያረቡ አይሁዳውያን ነበሩ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተ ሰቡ ባሕር ተሻግሮ ኒውዮርክ ገባና፤ አባቱ ስደተኞች በተጨናነቁበት ሰፈር አነስተኛ የሸቀጥ መደብር ከፈተ። ትንሹ ጆሴፍ ለደንበኞች ዕቃ እያደረሰ አባቱን ይረዳ ነበር፤ ትርፍ ጊዜ ሲያገኝም መጽሐፍ አይለየውም ነበር ይባላል።

በ16 ዓመቱ መሐንዲስ ለመሆን አስቦ ክፍያ የማይጠየቅበት የኒውዮርክ ከተማ ኮሌጅ ገባ። ነገር ግን አንድ ቀን ከጓደኛው ጋር ወደ ቤልቪው ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ሄዶ አንድ ትምህርት ቢሰማ ሐሳቡ ፈጽሞ ተለወጠ። የምሕንድስናውን ትምህርት ትቶ ወደ ሕክምና ዞረና በ1895 ዓ.ም. በዶክተርነት ተመረቀ። ከዚያ በኋላ በፔንሲልቫኒያ፤ ዊልክስ ባሬ በተባለች ከተማ የግል ሕክምና ጀመረ። ኑሮው ክፉ አልነበረም፤ ግን ሰለቸው። በ1899 ዓ.ም. የግል ሥራውን ዘግቶ የመንግሥት ሐኪም ሆነ።

የገባበት መሥሪያ ቤት ታሪክ ያለው ስለ ሆነ ጥቂት ብንናገርለት አይከፋም። በ1798 ዓ.ም. የአሜሪካ ኮንግሬስ፤ ከእያንዳንዱ መርከበኛ ደመወዝ በወር 20 ሳንቲም እየተቀነሰ የታመሙ መርከበኞች እንዲታከሙበት ሕግ አወጣ። ከዚህች ሳንቲም የባሕር ሆስፒታሎች ተሠሩ። በ1887 ዓ.ም. ደግሞ በኒውዮርክ አጠገብ ባለው የስታተን አይላንድ የባሕር ሆስፒታል ውስጥ፤ አንድ ክፍል ብቻ ተለቅቆ፤ ዶክተር ጆሴፍ ኪንዩን የተባለ ወጣት ሐኪም ማይክሮስኮፑን አስቀምጦ ኮሌራንና ሌሎችን ተላላፊ በሽታዎች መመርመር ጀመረ። ይህች ክፍል የንጽሕና ላቦራቶር ተባለች፤ ጥቂት ቆይታም ወደ ዋሽንግተን ተዛወረች። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ስሙ እየተለዋወጠ ቆይቶ በ1912 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሲባል፤ የሰውን በሽታ ሁሉ እንዲመረምርና ውጤቱን ለሕዝብ እንዲያስታውቅ በሕግ ሥልጣን ተሰጠው። እንግዲህ ለመርከበኞች ተብላ የተጀመረችው ነገር ለአገር ሁሉ የምትሠራ ሆነች።

ጎልድበርገር በመጀመሪያ በኤሊስ አይላንድ ተመድቦ፤ እርሱ ራሱ በልጅነቱ እንደ ሆነው ከአውሮፓ የሚገቡትን ስደተኞች ጤንነት ይመረምር ነበር። ከዚያም ወደ ወረርሽኝ አገሮች ይላክ ጀመር። ወደ ሜክሲኮ፤ ወደ ፖርቶሪኮ፤ ወደ ሚሲሲፒና ወደ ሉዊዚያና ተመላለሰ። የሚመረምረው በሽታም እርሱን ሳይነካው አያልፍም ነበር፤ ቢጫ ወባ ያዘው፤ ዴንጊ ያዘው፤ በሜክሲኮ ስለ ታይፈስ ሲመራመርም ታይፈስ ያዘውና ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ከባልደረባው ከዶክተር አንደርሰን ጋር ሆኖ ታይፈስን ከሰው ወደ ሰው የሚያጋባው ቅማል መሆኑን በማስረዳት በኩል ድርሻ አለው። ሁለቱ ሰዎች በ1911 ዓ.ም. ኩፍኝን ከሰው ወደ ጦጣ በማጋባት ለበሽታው ምርምር መንገድ ከፈቱ።

የዚህ ሰው ጠባይ እንዴት እንደ ነበረ ለማወቅ በ1909 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ያደረገውን መስማት ይበቃል። በከተማይቱ ብዙ ሰው ገላውን በሚያሳክክ ሽፍታ ታመመና ምክንያቱ ጠፋ። ጎልድበርገር ተልኮ መጣ፤ በሽተኞቹን ጠየቀ፤ የሚተኙበትንም አየ። ሁሉም በአዲስ የገለባ ፍራሽ ላይ የተኙ መሆናቸውን ሲገነዘብ፤ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን በፍራሾቹ መካከል አስገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። በማግሥቱ ክንዱ በሽፍታ ተሞላ። ገለባውን በወንፊት ቢነፋው በዓይን ለማየት የምታዳግት ጥቃቅን ተባይ አገኘ። ነገሩ በጥቂት ቀን ውስጥ አለቀ።

በ1914 ዓ.ም. መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ሹም ዶክተር ሩፐርት ብሉ ከበድ ያለ ሥራ ሰጠው። ይኸውም ፔላግራ ነው።

ፔላግራ ማለት በኢጣልያ ገበሬዎች ቋንቋ ሻካራ ቆዳ ማለት ነው። በሽታው ሲጀምር ፀሐይ የሚነካው ገላ፤ እጅ፤ አንገት፤ ፊትና እግር፤ ቀልቶ ይቈስላል፤ ይላጣል። ቀጥሎ ተቅማጥ ይመጣል። ከዚያም አእምሮ ይታወካል፤ በሽተኛው ይቆዝማል፤ ይቃዣል፤ ሳይታከም ከቀረም ይሞታል። በአውሮፓ በ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የበቆሎ እንጀራ የሚበሉ ድሆች በሽታ መሆኑ ይታወቅ ነበር። በአሜሪካ ግን በ1906 ዓ.ም. በአላባማ፤ ለጥቁሮች በተለየ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል 88 ሰዎች ታመው 57ቱ ሲሞቱ ነው አገሩ የደነገጠው። ከዚያ ወዲያ በደቡብ ያሉት ስቴቶች ሁሉ በበሽታው ተወረሩ። እስከ 1940 ዓ.ም. ድረስ ሦስት ሚልዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 100,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል።

ሕዝቡም ፈራ። በዘመኑ የተሕዋስያን ዕውቀት ገና አዲስ ስለ ነበረ፤ በሽታ ሁሉ ከተሕዋስያን የሚመጣ ይመስል ነበር። ፔላግራ ያለበትን ሰው አንዳንድ ሆስፒታሎች አናስገባም አሉ፤ ጎረቤትም ሸሸው። በ1912 ዓ.ም. ሁለት ባለጸጎች ገንዘብ አውጥተው ያቋቋሙት፤ በስማቸውም ቶምፕሰንና ማክፋደን የተባለው ኮሚሲዮን በሳውዝ ካሮላይና የፈትል ፋብሪካ መንደሮች ውስጥ ተመራምሮ፤ በሽታው ከምግብ ጋር ግንኙነት ያለው አይመስልም፤ ተላላፊ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ደመደመ። በዘር የሚወረስ ነው የሚሉ ሊቃውንትም ነበሩ። ኮሚሲዮኑ በቅንነት የሠራ መሆኑን አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ከበሽተኛው ቤት ያለውን መጸዳጃ እንደ መረመረ ያህል ድስቱን በሚገባ አልመረመረም።

ጎልድበርገር ወደ ደቡብ ሲወርድ በመጀመሪያ ያደረገው ማይክሮስኮፕ መትከል አይደለም፤ መዞርና ማየት ነው። በእስር ቤቶች፤ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችና በሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ዞረ። አንድ ነገር ዓይኑን ሳበው። በሽተኞቹ በፔላግራ ሲሞሉ፤ ቀንና ሌሊት ከእነርሱ ጋር የሚውሉት አስታማሚዎችና ዘበኞች አንዳቸውም አልታመሙም። ተላላፊ በሽታ ከሆነ ዘበኛን ለይቶ የሚምረው ለምንድን ነው? በሚሲሲፒ፤ በጃክሰን ከተማ ባለ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ደግሞ ከዚህ የባሰ እንቈቅልሽ አገኘ። ከ6 ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት ደኅና ናቸው፤ ከ12 ዓመት በላይ ያሉትም ደኅና ናቸው፤ የሚታመሙት በመካከል ያሉት ናቸው። ወጥ ቤት ገብቶ ሲጠይቅ ነገሩ ተገለጠለት። ለሕፃናቱ ወተት ይሰጣል፤ ትልልቆቹ ሥራ ስለሚሠሩ ሥጋ ይደርሳቸዋል፤ መካከለኞቹ ግን ገና ለሥራ ያልደረሱ፤ ከሕፃንነትም ያለፉ በመሆናቸው የሚበሉት የበቆሎ ገንፎ፤ የአሳማ ጮማና ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ወጥቶ የሚቀረውን ሞላሰስ ብቻ ነበር።

የደቡብ ድኻ ሁሉ ምግብ ይኸው ነበር። ሆድ ይሞላል፤ ረኃብ ያስታግሣል፤ ገላን ግን አይጠግንም።

መሥሪያ ቤቱ ከኮንግሬስ በተፈቀደለት ገንዘብ በጃክሰን ለሁለት የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች፤ በጆርጂያም በሚለጅቪል ሆስፒታል ለሁለት ክፍሎች፤ ወተት፤ እንቁላል፤ ሥጋና ጥራጥሬ እየገዛ ያቀርብ ጀመር። ሌላ ምንም አልተለወጠም፤ መኝታው ያው፤ መጸዳጃው ያው፤ መጨናነቁም ያው ነበር። ዓመቱ ሲፈጸም፤ በሁለቱ ማሳደጊያዎች ከታመሙት ከ170 በላይ ልጆች መካከል በሽታው የተመለሰበት አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በሚለጅቪልም ፔላግራ ጠፋ። እንግዲህ አንባቢ የዚህን ፍጻሜ ልብ ይበል። የምርምሩ ጊዜ አልቆ የፌዴራሉ ገንዘብ ሲቋረጥ፤ ተቋሞቹ ወደ ቀድሞው ምግባቸው ተመለሱ፤ ፔላግራም ወደ ልጆቹ ተመለሰ። ለሳይንስ ይህ ተጨማሪ ማስረጃ ነበር፤ ለልጆቹ ግን ምን እንደ ነበር መናገር አያሻም። ምርምሩን የከፈለው ባጀት መድኃኒቱን የሚከፍለው ባጀት አልነበረምና።

ተቃዋሚዎቹ ይህ አላረካቸውም። ስለዚህ ጎልድበርገር በሽታውን በምግብ ብቻ ሊፈጥረው እንደሚችል ለማሳየት ተነሣ። በ1915 ዓ.ም. የሚሲሲፒ አገረ ገዥ ኧርል ብሩወር ለሙከራው ፈቃደኛ ለሚሆኑ እስረኞች ምሕረት እንደሚሰጥ አስታወቀና፤ በጃክሰን አቅራቢያ በራንኪን እስር ቤት እርሻ 12 ሰዎች ተመረጡ። ንጹሕ ቤት ተሰጣቸው፤ ሥራቸውም ቀለል ያለ ነበር። ነገር ግን የሚበሉት በቆሎ፤ ነጭ የስንዴ ዱቄት፤ ሩዝ፤ ስኳር ድንች፤ ጥቂት ጎመንና ሽሮፕ ብቻ ሆነ። አንዱ በሌላ ሕመም ምክንያት ወጣ። ከቀሩት 11 ሰዎች ውስጥ ስድስቱ ስድስት ወር ያህል ሲሞላቸው የፔላግራ ቍስል ወጣባቸው፤ እርሻው ላይ ከነበሩት ሌሎች እስረኞች ግን የታመመ አልነበረም። ምሕረቱ ተሰጣቸውና ሄዱ። በዛሬው የምርምር ሕግ ሚዛን ይህ ሥራ የሚፈቀድ አይደለም፤ ነጻነት የተራበ እስረኛ እሺ ማለቱ እሺ እንዳይደለ ማንም ያውቃል። ጎልድበርገር ዕዳውን በገዛ ገላው ለመክፈል አስቦ ይሆን? አናውቅም፤ ቀጥሎ ያደረገው ግን ይህን ያስመስላል።

ከሙከራው በኋላ እንኳ በሽታው ተላላፊ ነው የሚሉት ዝም አላሉም፤ እንዲያውም በሐኪሞች ጉባኤ ላይ የእስረኞቹን ሙከራ አታላይነት ነው ያሉ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ጎልድበርገር ከብዙ በሽተኞች ደም አስወስዶ በራሱና በባልደረቦቹ ገላ ውስጥ አስወጋ። ከበሽተኞቹ ቆዳ የረገፈውን ቅርፊት፤ ሽንታቸውንና ዓይነ ምድራቸውን ከዱቄት ጋር ለውሰው በእንክብል ዋጡ። አንባቢያችን ቢያቅለሸልሸው አንፈርድበትም። ሚስቱ ሜሪም ከወንዶቹ አልቀርም ብላ የአንዲት በሽተኛ ደም በመርፌ ተወጋች። ሜሪ የኒውኦርሊየንስ ልጅ ነበረች፤ ከታወቀ የደቡብ ቤተ ሰብ የመጣች ክርስቲያን ስትሆን፤ በ1906 ዓ.ም. የስደተኛውን አይሁዳዊ ልጅ ያገባችው የሁለቱ ወገን ዘመዶች ቅር እያላቸው ነበር። አራት ልጆች ወለዱ፤ ባሏ ግን ከዓመት የሚበዛውን ጊዜ በመስክ ስለሚያሳልፍ ቤቱን የምታስተዳድረው እርሷ ነበረች። በሙከራው ከተካፈሉት አንድ ሰው እንኳ ፔላግራ አልያዘውም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የሐኪም ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሐኪም ብቻውን ሊወጣው የማይችል ሆነ። ድኻው ወተትና ሥጋ የማይበላው ስለማያውቅ ነው ወይስ ስለማያገኝ? ይህን ለመመለስ መሥሪያ ቤቱ ኤድጋር ሲደንስትሪከር የተባለ የኢኮኖሚ ባለሙያ ሰጠው። ይህ ሰው በኋላ በድርሰት የኖቤል ሽልማት ያገኘችው የፐርል በክ ወንድም ነው። ሁለቱ በ1916 ዓ.ም. በሳውዝ ካሮላይና ሰባት የፈትል ፋብሪካ መንደሮች መረጡና፤ ከ4,000 በላይ ነዋሪዎችን ቤት ለቤት ይከታተሉ ጀመር። መርማሪዎቹ በየሁለት ሳምንቱ እየተመላለሱ በሽተኛ መኖሩን ያያሉ፤ ቤተ ሰቡ በ15 ቀን ውስጥ የገዛውንና ከጓሮው ያገኘውን ምግብ ይመዘግባሉ፤ የቤቱን ገቢም ይጽፋሉ። በስፓርታንበርግ ደግሞ ለዚሁ በሽታ ብቻ የተለየ የመንግሥት ሆስፒታል ተከፍቶ ነበር።

መዝገቡ ሲደመር የተገኘው ቀላልና አስደንጋጭ ነበር። የቤተ ሰቡ ገቢ ዝቅ ባለ ቁጥር ፔላግራ ይበዛል፤ ገቢው ከፍ ባለ ቁጥር እየቀነሰ ሄዶ ይጠፋል። መጸዳጃው መጥፎ መሆኑ ወይም ጥሩ መሆኑ ከበሽታው ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ላም ያለው ቤት ይድናል። ገቢያቸው እኩል የሆነ መንደሮችም እንኳ አንድ አልነበሩም፤ በአካባቢያቸው ወተትና አትክልት የሚሸጡ ገበሬዎች ያሉባቸው ይሻላሉ፤ እስከ ቤቱ ደጅ ድረስ ጥጥ ብቻ የተዘራበት መንደር ይጎዳል። በገጠር ያለው እኩል አራሽ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። መሬቱ የሌላ ነው፤ ጥጥ እንጂ ሌላ እንዲዘራ ባለመሬቱና አበዳሪው ነጋዴ አይፈቅዱለትም፤ ምርቱ እስኪደርስ ድረስ ከነጋዴው መደብር በዱቤ የሚወስደው በቆሎ፤ ጮማና ሞላሰስ ነው። ፔላግራ የሚበረታውም በፀደይ፤ የክረምቱ ስንቅ ተሟጥጦ አዲሱ ሳይደርስ ነበር። ከቤተ ሰቡ ሁሉ የሚጎዱት ደግሞ በአብዛኛው እናቶች ነበሩ፤ በድኻ ቤት የተሻለችው ጉርሻ ለማን እንደምትሰጥ የእኛም አገር ሰው ያውቀዋል።

ይህ የምርምር ውጤት በ1920 ዓ.ም. በመንግሥት መጽሔት ታተመ። ሐሳቡ በግልጥ ሲነገር እንዲህ ነው፤ በሽታው ያለው በጥጥ እርሻ ሥርዓትና በፋብሪካው ደመወዝ ውስጥ ነው። ተሕዋስ ቢሆን ኖሮ የሚቀየም ሰው አይኖርም ነበር። ለምርምር ገንዘብ መፍቀድ ለአንድ መንግሥት እምብዛም አይከብደውም ብለን እናምናለን፤ የሚከብደው ገንዘቡ ያመጣውን መልስ መቀበል ነው።

ፈተናውም አልዘገየም። በ1920 ዓ.ም. መጨረሻ የጥጥ ዋጋ ወደቀ፤ ገበሬው ዕዳ ውስጥ ገባ። ጎልድበርገርና ሲደንስትሪከር ያላቸውን ቁጥር ይዘው፤ በሚመጣው ዓመት ፔላግራ ወደ 100,000 ሰው ሊደርስ እንደሚችል አስጠነቀቁ። በ1921 ዓ.ም. በጋ ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ወሬውን ሰምተው ለሕዝብ ጤና አገልግሎትና ለቀይ መስቀል ደብዳቤ ጻፉ፤ የችግሩ መጠን ተጠንቶ እርዳታ እንዲዘጋጅ ጠየቁ። መርማሪው የሚመኘው ይህን ነበር ማለት ይቻላል፤ የመሥሪያ ቤቱ ጥናት እስከ አገሪቱ የበላይ ሹም ጠረጴዛ ድረስ ደርሷልና።

ነገር ግን ከደቡብ የተመለሰው መልስ ቍጣ ነበር። የከተማ ሹማምንት፤ ነጋዴዎችና ጋዜጦች በአገራችን ረኃብ የለም፤ ስማችን ጠፋ፤ ገንዘቡን ይዞ የሚመጣው ሰው ይሸሻል አሉ። ከሳውዝ ካሮላይና የተመረጠው የምክር ቤት አባል ጀምስ በርንስ ከተቃዋሚዎቹ ፊት ቀዳሚ ነበር። ብዙ ቦታ ቀይ መስቀል እርዳታህን አንፈልግም ተባለ። በነሐሴ ወር የደቡብ ስቴቶች የጤና ሹሞች በዋሽንግተን ተሰብስበው ተነጋገሩ፤ ነገሩም ቀዝቅዞ ቀረ። የተናገሩት ሁሉ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከመካከላቸው አገሩን የሚወድ፤ የድህነቱ ወሬ በዓለም ፊት ሲነገር የሚያፍር ሰው ብዙ ነበር። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው፤ ያፈሩት በወሬው እንጂ በበሽታው አልነበረም።

ጎልድበርገር ፖለቲከኛ አልነበረም። መሬቱን ለማከፋፈል ሥልጣን አልነበረው፤ ደመወዝ ለመጨመርም እንዲሁ። ስለዚህ ወደ ላቦራቶሩ ተመለሰና ድኻ ሊገዛው የሚችል ርካሽ መድኃኒት ይፈልግ ጀመር። ውሾች ምላሳቸው የሚጠቁርበት አንድ በሽታ ነበራቸው፤ ይህም የውሻ ፔላግራ መሆኑን ተረዳና የድኻውን ምግብ እየሰጠ ያሳምማቸው ነበር። ውሾቹ ግን ምግቡን አልበላ ስላሉ፤ እንዲጣፍጣቸው በማለት የቢራ እርሾ ቢጨመርበት አንድም ሳይታመም ቀረ። አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ሠላሳ ዓመት ማየት የለመደ ዓይን ባይኖር አጋጣሚው ያልፍ ነበር። የቢራ እርሾ በየፋብሪካው በርካሽ የሚገኝ ነገር ነው። በሰዎች ላይ ቢሞከር ፔላግራን ይከላከላል፤ ይፈውሳልም።

በ1927 ዓ.ም. የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ብዙ አገር ሲያጥለቀልቅ፤ ላሞች አለቁ፤ ጓሮዎች ጠፉ፤ ፔላግራም ተነሣ። ጎልድበርገርና ሲደንስትሪከር እንደገና ወረዱ። በዚህ ጊዜ ቀይ መስቀል በምክራቸው ብዙ ሺሕ ፓውንድ እርሾ ለተጎዱት አደለ፤ የሞቱ ቁጥር እንዲቀንስም ረዳ። ሁለቱ ሰዎች በጻፉት ሪፖርት ግን እርሾው ጊዜያዊ መሆኑን፤ ዘላቂው መፍትሔ ላምና ጓሮ፤ የጥጡም ብድር ሥርዓት መሻሻል መሆኑን ሳያሳስቡ አላለፉም።

በዚያን ጊዜ ጎልድበርገር ሳያውቀው ታሞ ነበር። በኩላሊቱ ላይ ነቀርሳ ወጥቶበት ጥር 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በዋሽንግተን በ54 ዓመቱ ሞተ። እንደ ኑዛዜው አስከሬኑ ተቃጥሎ፤ አንድ ረቢ ጸሎት እያደረሱለት፤ አመዱ በፖቶማክ ወንዝ ተበተነ። ለኖቤል ሽልማት ደጋግሞ ታጭቶ ነበር፤ አላገኘም። ለሚስቱ ኮንግሬስ ጡረታ ወሰነላት።

በሞተ በዓመቱ፤ በግንቦት 1930 ዓ.ም.፤ የሉዊዚያናው ሴናተር ጆሴፍ ራንስዴል ያቀረቡት ሕግ ጸደቀና፤ ከአንዲት ክፍል የተነሣችው የንጽሕና ላቦራቶር ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ተባለች። መንግሥት ለወጣት ተመራማሪዎች ገንዘብ እንዲሰጥም ሕጉ ፈቀደ። በ2023 ዓ.ም. የዚህ ድርጅት ባጀት ከ40 ቢልዮን ዶላር በላይ ነበር።

በ1937 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኮንራድ ኤልቬየም የተባለው ሊቅ፤ በዚያው በጎልድበርገር የውሻ በሽታ እየሞከረ፤ የሚጎድለው ንጥረ ነገር ኒኮቲኒክ አሲድ፤ ዛሬ ናያሲን የምንለው ቪታሚን መሆኑን አገኘ። በቆሎ ውስጥ ይህ ቪታሚን አለ፤ ግን ታስሮ ስለሚገኝ ገላችን አይወስደውም። የሜክሲኮ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በቆሎውን በኖራ ውኃ ቀቅሎ ስለሚፈጭ ቪታሚኑ ይፈታለታል፤ በዚህም ምክንያት በቆሎ እየበላ ከፔላግራ ድኖ ኖሯል። በቆሎው ወደ ሌላ አገር ሲወሰድ ኖራው ሳይወሰድ ቀረ።

ቪታሚኑ ከታወቀ በኋላ ዋጋው የረከሰ ስለ ሆነ በስንዴ ዱቄት ውስጥ መጨመር ተቻለ። በጦርነቱ ዘመን፤ በ1943 ዓ.ም.፤ የፌዴራሉ መንግሥት የዳቦ ጋጋሪዎች ሁሉ ቪታሚን በተጨመረበት ዱቄት እንዲጠቀሙ አዘዘ። ይሁን እንጂ ዱቄት ሻጭ ሁሉ ናያሲን እንዲጨምር በሕግ በማስገደድ ከስቴቶች ሁሉ የቀደመችው፤ በ1942 ዓ.ም.፤ ሳውዝ ካሮላይና ነበረች።